ከወረታ እስከ አርባ ምንጭ፦ የሰማዩ መንገድ ስንት ሰዓት ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ወረታ፣ ዋንዛዬ፣ ሐሙሲት፣ አዲስ ዘመን፣ በርብና በጉማራ ዳርቻ ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ርቀትና ስለ በረራ ሰዓት ነው። ስሌት ስላለበት ወረቀትና እስክሪብቶ በአጠገባችሁ ይኑር። ተማሪ ልጅ ቤት ውስጥ ካለም ጥሩት፣ አብሮ ያስላ። ቁጥሮቹን ቀስ ብዬ እናገራለሁ።

ጉዳዩ ለፎገራ ሰው ሩቅ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ የኛ ልጅ አርባ ምንጭ ሊደርሰው ይችላል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ርብና ጉማራ ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት እያየ ያደገ ልጅ የውሃ ምሕንድስና ልማር ብሎ ራሱ ሊመርጠውም ይችላል። ወረታ ላይ ደግሞ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ ስለ ሩዝ ሊማር ከደቡብ ወደኛ የሚመጣም ይኖራል። ታዲያ ልጁን የሚሸኝ አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው «አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ነው።

ይህ አንድ ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሦስት ነው። አንደኛው፣ በሁለቱ አየር ማረፊያዎች መካከል ስንት ኪሎ ሜትር አለ? ሁለተኛው፣ አውሮፕላኑ አየር ላይ ምን ያህል ይቆያል? ሦስተኛው፣ ልጁ ከቤቱ ወጥቶ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ እስኪደርስ ምን ያህል ይፈጅበታል? የመጀመሪያው መልስ ሁለተኛውን አይነግራችሁም፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን አይነግራችሁም። ሰው በረራ የሚያመልጠውና ማታ በማያውቀው ከተማ የሚጉላላው አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱን ስለሚያደባልቃቸው ነውና ዛሬ ለየብቻ እናያቸዋለን።

ከርቀቱ እንጀምር። ለፎገራ ሰው በጣም የሚቀርበው አየር ማረፊያ የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው። የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ አዘዞ አጠገብ ስለሆነ ከወረታ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ባሕር ዳር ግን 60 ገደማ ነው። ስለዚህ መነሻችንን ባሕር ዳር፣ መድረሻችንን አርባ ምንጭ እናድርግ።

በጂኦግራፊ ትምህርት ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚባሉትን ታስታውሳላችሁ። ኬክሮስ አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀ ይነግረናል። ኬንትሮስ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለውን ቦታ ያሳያል። አሁን ጻፉ፦ የባሕር ዳር አየር ማረፊያ ኬክሮስ 11.61 ዲግሪ ሰሜን፣ ኬንትሮሱ 37.3 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። የአርባ ምንጭ አየር ማረፊያ ኬክሮስ 6.04 ዲግሪ ሰሜን፣ ኬንትሮሱ 37.6 ዲግሪ ምሥራቅ። ኬንትሮሶቹን አስተያዩአቸው፤ 37.3 እና 37.6፣ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። አርባ ምንጭ ከባሕር ዳር ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ነው ያለው። ወረታም 37.7 ላይ ስለሆነች ያው መስመር ላይ ናት። ጎንደርም እንዲሁ። ከጎንደር እስከ አርባ ምንጭ በአንድ መስመር መሰለፋቸው ለስሌታችን ትልቅ ዕድል ነው፤ መቀነስና ማባዛት የሚችል ሰው ርቀቱን ያለ ካርታ ያገኘዋል።

11.61 ሲቀነስ 6.04፣ ይቀራል 5.57 ዲግሪ። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። 5.57ን በ111 ብናባዛ 618 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የምድር ቅርጽ ፍጹም ክብ ባለመሆኑ በጥንቃቄ ሲሰላ 617 ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

111 ከየት መጣ? ሜትር የሚባለው መለኪያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ፈረንሳይ ውስጥ ሲወጣ፣ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት 10 ሚሊዮን ሜትር እንዲሆን ታስቦ ነው። 10 ሚሊዮን ሜትር 10,000 ኪሎ ሜትር ነው። ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ 90 ዲግሪ አለ። 10,000 ለ90 ሲካፈል 111.1 ይሆናል። አብራሪዎች ደግሞ የሚሠሩት በባሕር ማይል ነው፤ አንዱ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ሲሆን እያንዳንዱ ዲግሪ 60 የባሕር ማይል አለው። ለእነሱ ከባሕር ዳር አርባ ምንጭ 5.57 ሲባዛ በ60፣ ማለትም 334 የባሕር ማይል ገደማ ነው።

ይህንን ርቀት በደጃችሁ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ ብል ታምኑኛላችሁ? ሰማዩ ጠራ ባለበት ሌሊት፣ በተለይ ከጥቅምት ወዲህ፣ ፊታችሁን ወደ ጎንደር አዙራችሁ የሰሜን ኮከብን ፈልጉ። ሌሎቹ ከዋክብት ሲዞሩ እሱ ከቦታው የማይነቃነቀው ነው። ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከቆማችሁበት ቦታ ኬክሮስ ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ወረታ 11.9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ኮከቡ ከአድማስ 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉና ቡጢ ጨብጡ፤ የቡጢያችሁ ስፋት በዓይናችሁ ፊት 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮረብታ ካልከለለው ኮከቡ ከአድማስ አንድ ቡጢና ጥቂት ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። አርባ ምንጭ የሄደው ልጃችሁ በዚያው ሌሊት ቢለካው ከግማሽ ቡጢ ብዙም አይበልጥለትም። የሁለታችሁ ልዩነት ወደ ስድስት ዲግሪ ይጠጋል። ያ ልዩነት በ111 ሲባዛ በመካከላችሁ ያለው አገር ነው። ከልጃችሁ ጋር በስልክ እየተነጋገራችሁ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

ይህ ዓይነቱ ልኬት በኛ አካባቢ የቆየ ታሪክ አለው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ይዞ ነበር፤ ካርታውንም በዚያ ልኬት ነው የሠራው። ከሱ በኋላ አንቷን ዳባዲ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከተራራ ተራራ እየወጣ ማዕዘን ሲለካ ኖረ። ልኬቱን ያሳተመበት መጽሐፍ የአገራችንን የሰሜን ክፍል በሒሳብ ካርታ ላይ ካስቀመጡት ሥራዎች ዋነኛው ነው። ዛሬ አብራሪው ፊት ያለው ስክሪን ከሳተላይት የሚቀበለው ቁጥር ያው ዲግሪ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያሰላነው ቀጥታውን ነው። ተጓዡ ግን ቀጥታውን አይሄድም፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ነው የሚጓዘው። ከባሕር ዳር ቦሌ 333 ኪሎ ሜትር፣ ከቦሌ አርባ ምንጭ 351 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምሩ 684። ከቀጥታው ጋር ስናስተያየው ትርፉ 67 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ በመስመሩ ላይ ባትሆንም ከመስመሩ ብዙ አልራቀችም። በአዲስ አበባ መዞሩ በኪሎ ሜትር የሚያስከፍለን ያን ያህል አይደለም፤ ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመኪና ከሆነስ? ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚወስደው በደብረ ማርቆስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ደግሞ እንደምትመርጡት መንገድ ከ400 በላይ። ተደምሮ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንዲያውም የሚበልጥ ይሆናል። ከሰማዩ 617 ጋር ይህን ያህል የተራራቀበትን ምክንያት ለማወቅ ዓባይ በረሃን ማሰብ ይበቃል። ደጀንና ጎሐ ጽዮን በቀጥታ ሲለኩ የሚራራቁት ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይበልጥ ነው፤ መኪናው ግን ገደሉን ሲወርድና መልሶ ሲወጣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠመዘዛል። በአውሮፕላን ያ ገደል በሁለት ሦስት ደቂቃ ይታለፋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ በረራ በብዛት የሚያሰማራው ኪው-400 የሚባለውን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው፤ አየር መንገዱ ይህን ዓይነት መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሰባ ገደማ ሰው ይይዛል፣ ከፍታውን ይዞ ሲበርም በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ጎበዝ ተማሪ ወዲያው ያሰላል፤ 333 ለ600 ሲካፈል ከግማሽ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ቲኬቱ ላይ ግን ለባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚጻፈው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የቀረው ጊዜ የት ገባ?

አውሮፕላን ከመሬት እንደተነሳ 600 አይሄድም። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ገደማ ሽቅብ እየወጣ ስለሆነ ፍጥነቱ ያነሰ ነው፤ በዚያ ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ለማረፍም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው ነው መውረድ የሚጀምረው፤ ይህም ሌላ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ከ333 ኪሎ ሜትሩ በሙሉ ፍጥነት የሚበረው መካከሉን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ እሱም በአሥር ደቂቃ ያልቃል። 20፣ 10 እና 20 ሲደመር 50 ደቂቃ። በዚያ ላይ ከቆመበት ተነቃንቆ እስከ መንደርደሪያው ጫፍ የሚሄድበትና ካረፈ በኋላ እስከ መቆሚያው የሚሄድበት ጊዜ አለ። የበረራ ፕሮግራም የሚቆጥረው ጎማው ከተነቃነቀበት እስከ ቆመበት ድረስ ስለሆነ አንድ ሰዓቱ ሞላ።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። የመውጫና የመውረጃው ጊዜ በረራው አጠረም ረዘመም ያው ነው። ስለዚህ ርቀት በእጥፍ ሲያድግ ሰዓቱ በእጥፍ አያድግም። ከባሕር ዳር አርባ ምንጭ ቀጥታ በረራ ቢኖር 617 ኪሎ ሜትሩ ስንት ይፈጃል? 40 ደቂቃ ለመውጣትና ለመውረድ፣ ወደ 37 ደቂቃ በሙሉ ፍጥነት፣ ጥቂት ደቂቃ መሬት ላይ፤ ከ1 ሰዓት ተኩል አይበልጥም። በአዲስ አበባ ሲዞር ግን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ አንድ ሰዓት ሲደመር አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። በአየር ላይ ያለው ልዩነት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ ነው ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር የምመለሰው። መዞሩ በኪሎ ሜትርም፣ በበረራ ደቂቃም ብዙ አልጎዳንም። ጊዜያችንን የሚወስደው ቦሌ ላይ የሚቀጥለውን አውሮፕላን መጠበቁ ነው። ቀጥታ በረራ የማይኖርበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በየቀኑ ከባሕር ዳር ተነስቶ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰባ ሰው አይገኝም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚሄድ ግን ይገኛል፣ ከመካከላቸው አርባ ምንጭ የሚሄደው ጥቂት፣ ድሬዳዋ የሚሄደው ጥቂት፣ ውጭ አገር የሚሄደው ጥቂት ነው። ሁሉንም ቦሌ ሰብስቦ በየአቅጣጫው መበተን አውሮፕላኑን ያስሞላል። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገበት ጊዜ አንሥቶ ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው። አሠራሩ ለክልል ከተሞች በረራ እንዲኖር ያደርጋል፤ እኔም ስለዚህ አልቃወመውም። ሆኖም ዋጋው በተጓዡ ጊዜ እንደሚከፈል በግልጽ መነገር አለበት።

እንግዲህ ሦስተኛውን ጥያቄ እንመልስ። ልጁ ከወረታ መናኸሪያ ይነሣል። 60 ኪሎ ሜትሩን ሐሙሲትን አልፎ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ ባሕር ዳር ይገባል። አየር ማረፊያው ከከተማዋ በስተምዕራብ ስለሆነ ለኛ ሰው ከተማዋን አቋርጦ ማዶ መሄድ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ሰዓት ከሩብ በሉት፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ የሚጠበቀውን፣ የመንገዱን ሁኔታ ሳንቆጥር። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከዋዜማው ጀምሮ መጠየቅ የግድ ነው፤ የሚያሰጋ ነገር ካለ ባሕር ዳር ማደር ይሻላል። ከዚያ አየር ማረፊያ ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ፤ ፍተሻ አለ፣ ሻንጣ ማስመዘን አለ። በረራ አንድ ሰዓት። ቦሌ ላይ ሦስት ሰዓት ጠበቀ እንበል። ሁለተኛው በረራ አንድ ሰዓት። ሻንጣ ተቀብሎ፣ ባጃጅ ይዞ ግቢው እስኪደርስ 45 ደቂቃ። ደምሩት፤ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አየር ላይ የነበረው ከዘጠኙ ሁለቱን ብቻ ነው። አባትየው «አውሮፕላን ነውና በሁለት ሰዓት ይደርሳል» ብሎ አውሮፕላኑ በተነሣ በሦስተኛው ሰዓት ስልክ ቢደውልና ባያገኘው የሚደነግጠው በከንቱ ነው፤ ልጁ ቦሌ ተቀምጦ ስልኩን ዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ትኬት ስትገዙ ዋጋውንና የበረራውን ርዝመት ብቻ ሳይሆን «አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይጠብቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። በጣም አጭርም አይሁን፤ የመጀመሪያው በረራ በደመና ምክንያት ቢዘገይ ሁለተኛው ያመልጣል፣ በክረምት ይህ ያጋጥማል። ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት መግዛትም ይጠቅማል፤ ለየብቻ ከተገዙ ያመለጠውን የመተካቱ ጣጣ ለተጓዡ ይቀራል።

(አጭር ሙዚቃ)

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ እየሞላ ነው የሚሄደው፤ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ ይመጣል። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን? ሁለት ምክንያት አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፍና ሞተር የሚደገፉበት አየር ሲሳሳ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ዋሽንግተን ግን ለባሕር ወለል የቀረበ ነው። ሁለተኛው ነፋስ ነው፤ በአትላንቲክ ላይ በከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የሚመጣውን ይገፋል፣ የሚሄደውን ይገታል። በኛ የአገር ውስጥ በረራ ነፋስ የሚያመጣው ልዩነት በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ከፍታው ግን ለኛም ይሠራል፤ ባሕር ዳር 1,820 ሜትር፣ አርባ ምንጭ 1,190 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዛሬው ትምህርት ይህን ብቻ ብትይዙም አልከፋም። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የኛ ሰዓት አይደለም፤ ቀኑም የአውሮፓውያን ነው። ትኬቱ 07፡10 ካለ ስድስት ቀንሱ፤ ከጠዋቱ 1፡10 ነው። 14፡30 ካለም ስድስት ቀንሱ፤ ከቀኑ 8፡30። ከ18፡00 በኋላ ያለውን ግን አሥራ ስምንት ቀንሱ፤ 20፡15 ካለ ከምሽቱ 2፡15 ነው። ከ00፡00 እስከ 06፡00 ያለው ሲሆን ግን ስድስት ጨምሩ፤ 01፡00 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የሌሊት በረራ ላይ ቀኑም ያሳስታል። ትኬቱ «ሐሙስ 00፡40» ካለ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡40 ማለት ነው። ሐሙስ ማታ የሚሄድ ሰው አንድ ቀን አልፎታል። ወደ ውጭ የሚሄዱ በረራዎች ብዙዎቹ ሌሊት ስለሚነሱ ልጅ የምትሸኙ ሁሉ ይህን ደጋግማችሁ አጣሩ፣ ቲኬቱን የቆረጠላችሁን ሰው በኛ አቆጣጠር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት።

ለተማሪዎች የቤት ሥራ አለኝ። አርባ ምንጭ በአንድ መስመር ስለሆነች ቀለለችን። ጅግጅጋ ግን እንዲህ አይደለችም፤ ኬክሮሷ 9.33፣ ኬንትሮሷ 42.91 ነው። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብም ወደ ምሥራቅም ትርቃለች። በመጀመሪያ የኬክሮሱን ልዩነት ውሰዱና በ111 አባዙ። ቀጥሎ የኬንትሮሱን ልዩነት ውሰዱ፤ በኛ አካባቢ የኬንትሮስ አንድ ዲግሪ ስለሚጠብ በ109 ተኩል አባዙት። ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ቀጤ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ሁለት ጎኖች ናቸው። በፓይታጎረስ ቲዎረም ሦስተኛውን ጎን አግኙ። ከ660 እስከ 665 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ካገኛችሁ በትክክል ሠርታችኋል። ከዚያ የመውጫና የመውረጃውን 40 ደቂቃ ሳትረሱ ቀጥታ በረራ ቢኖር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስሉና የሒሳብ መምህራችሁን አሳዩ። 

(የመውጫ ሙዚቃ)